የገደል ጦስኝ

ላቀች ሻይ እስኪበርድ ጠብቃ አታውቅም። ምላሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የተቃጠለ ነው። ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፉት አባቷ አቶ ረታ፣ «ይህች ልጅ ዘጠኝ ወር የቆየችው ተለምና ነው» እያሉ ደንበኛ ያስቁባታል።

እንዲህ ያለች ሴት ጦስኝ ለማጥናት መምረጧ የሚያውቋትን ሁሉ አስገርሟል። ጦስኝ የሚቸኩል ተክል አይደለም። ከናና፣ ከበሶብላና ከደማከሴ ቤተሰብ ነው፤ ግን እንደነሱ በየጓሮው አይፈነጭም። ብርድ የበላው ተራራ ላይ ተነጥፎ በዓመት አንድ ጣት ያህል ያድጋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከሻይ ጋር ነው። የዕፅዋት አጥኚዎች ደግሞ የአገራችንን ጦስኝ ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው የቅጠሉ ጠርዝ ልሙጥ ነው፣ ሁለተኛው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው።

ላቀች የምትፈልገው ሦስተኛውን ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ የሌሎችን ዝርዝር መድገም አልፈለገችም። አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው የዶክትሬት በር ይከፈትለታል። ከዚያም በላይ፣ ዝርያውን ለይቶ የሰየመው ሰው ስም ከተክሉ ስም ኋላ ገብቶ በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ይጻፋል። ልማዱ በአባት ስም ስለሆነ፣ የሚጻፈው «ረታ» ነው። ይህን ለአባቷ ነግራቸው ነበር። መንገር አልነበረባትም።

በጥቅምት፣ በእስቴ በኩል ባለው የጉና ፊት፣ ከአንድ ገደል ስንጥቅ ውስጥ አገኘችው። ግንዱ ነጭ ጠጉር ለብሷል፤ ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ሲታሽ እንደ ሎሚ ይሸታል። እጇን ሰደደች።

«እዚያ እጅሽን አትክተቺ!» አለ ከታች አንድ ድምፅ።

«ለምን?» አለች። እጇ ግን ከአፏ ቀድሞ ገብቷል።

የዱር ንብ ነበር። ከገደሉ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። የማታውቀው ሰው ጃኬቱን ራሷ ላይ ጥሎ እየጎተተ ወደ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ከተታት።

«አትሺው። መንደፊያውን ልንቀልልሽ።»

«ቶሎ በላ!»

«ቶሎ ከተባለ መርዙ ይጨመቃል። ቀስ ነው።»

በጥፍሩ ጫፍ ከግራ ዓይኗ ቆብ ላይ ጫር አድርጎ አነሳው። ትንፋሹ ግንባሯ ላይ ይሰማታል። ያበጠው ዓይኗ ተዘግቶ ስለነበር ይህን ክንዴ የሚባል ሰው መጀመሪያ ያየችው በአንድ ዓይኗ ነው። ረጅም፣ ቅንድበ ወፍራም፣ ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ነገር እንደሌለው ሰው የተረጋጋ።

«ንብ አለ አትልም?»

«ልል ነበር» አለ። «አልጠበቅሽኝም።»

ክንዴ በእስቴ ከተማ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ የወረዳው የንብ ባለሙያ ነበር። እናቱ ከገደሉ በታች ይኖራሉ፤ የራሱ ቀፎዎችም እዚያው ጓሯቸው ናቸው። ዓይኗ እስኪከፈት ሦስት ቀን እነሱ ቤት ሰነበተች። በሁለተኛው ቀን ክንዴ ገደሉን በሌላ መንገድ ወጥቶ ተክሉን ከነሥሩ አመጣላት። አላዘዘችውም።

«ይህን እኛ የገደል ጦስኝ እንለዋለን» አለ።

«ትለዩታላችሁ ማለት ነው?»

«እኛ እንለየዋለን። ንቦቹ ግን ሲለዩት አላየሁም። ከዚህ ተነስተው እሜዳው ጦስኝ ላይ ያርፋሉ።»

ላቀች ይህን ማስታወሻዋ ላይ አልጻፈችም።

አማካሪዋ ዶክተር ፀጋዬ ተክሉን በአጉሊ መነጽር አገላብጠው ካዩ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መነጽር ሲጠርጉ ጥሩ ምልክት አይደለም።

«ገደል ላይ ነፋሱ ሌላ፣ ውኃው ሌላ። ተራራ የሠራውና ዘር የሠራው አንድ አይደለም፣ ላቀች።»

«ጠጉሩን አያዩትም፣ ዶክተር? ሽታውስ?»

«አየሁ። እንግዲህ ከገደል አውርጂው። ከሜዳው ጦስኝ ጎን፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ውኃ ትከዪው። አንድ ክረምት ይለፍበትና መልኩን ከጠበቀ ዝርያ ነው። ካልጠበቀ ገደሉ ነው።»

«አንድ ዓመት?»

«አንድ ዓመት።»

ከቢሮው ስትወጣ በሩን እንዴት እንደዘጋችው ጸሐፊዋ ለብዙ ቀን አወራችው።

መሬቱን የሰጡት የክንዴ እናት እትዬ ደጊቱ ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከገብስ ማሳው ራስጌ ያለችውን ቁራሽ ክንዴ ቆፈረላት። ሃያ የሜዳ ጦስኝ፣ ሃያ የገደል ጦስኝ ተተከለ። ላቀች ከቲማቲም ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ቁጥር ጭራበት፣ እያንዳንዱ ችግኝ ላይ በቀጭን ሽቦ አሰረችው።

«ይህ ሁሉ ለጦስኝ ነው?» አሉ እትዬ ደጊቱ። «ጉና የሞላው እሱ አይዶለም እንዴ፣ ልጄ?»

«እነዚህ ቁጥር አላቸው፣ እትዬ።»

«እሽ። ቁጥር ያለው ጦስኝ አይቼ አላውቅም።»

መኪናው ሊያመልጣት ነው። ቦርሳዋን አንግታ፣ ጫማዋን እያሰረች፣ ከበሩ ሆና፣ «እንግዲህ አደራ እትዬ! እንደተውኳቸው ላግኛቸው» አለች።

እትዬ ደጊቱ ቀና አሉ። «አደራ አልሽ?»

«አዎ፣ አደራ።»

«ተቀብያለሁ» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደቆመ ሰው።

ላቀች ቃሉን የተናገረችው ሰው ደህና ዋሉ እንደሚለው ነበር። እትዬ ደጊቱ ግን ቤታቸው ቢቃጠል የራሳቸውን ሳጥን ትተው የሰው አደራ የሚያወጡ ሴት ናቸው። ክንዴ ይህን ያውቅ ነበር፤ ግን በዚያች ደቂቃ የሚያየው ላቀች ጫማዋን በግራ በቀኝ አቀያይራ ልታጠልቅ ስትል ነበር።

በዚያ በጋ አራት ጊዜ ተመላለሰች። ተክሎቹ በብርዱ ምክንያት አንድም አዲስ ቅጠል አላወጡም። የሚለካ ነገር አልነበረም። ሆኖም ትመጣለች፤ ክንዴም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመካነ ኢየሱስ አብሯት ዳገቱን ይወጣል። እሷ ትቀድመዋለች፤ ትጠፋለች፤ ከዚያ ተመልሳ መጥታ፣ «አልደረስክም?» ትለዋለች።

«አንቺ የአንዱን ሰው መንገድ ሁለቴ ነው የምትሄጂው» ይላታል።

«አንተ ስለማትሄደው ነው።»

አንዳንዴ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ላቀች ዝምታ አትወድም፤ ዝምታ ሲበዛ እግሯን ያሳክካታል። የእሱ ዝምታ ግን ሌላ ነበር። ቀፎ ሲከፍት እንደሚያደርገው፣ ነገሩን ላለማስደንገጥ የሚጠነቀቅ ዓይነት። ዓይኑን ዞር ብላ ስትይዘው ወደ ሌላ አያሸሽም፤ እሷ ናት የምታሸሸው። ይህ ደግሞ ያናድዳታል።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመለሱ፣ ወንዙ ማዶ ስትደርስ ቆመች።

«ክንዴ፣ ትወደኛለህ?»

እሱም ቆመ።

«እያሰብክ ከሆነ መካነ ኢየሱስ ድረስ ልጠብቅህ አልችልም። መኪናው በሰባት ሰዓት ይወጣል።»

«እወድሻለሁ» አለ።

«እኔም። ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ምን ዘጋህ?»

«አንቺንስ ምን ዘጋሽ?»

«እኔ ሥራ ነበረብኝ!»

ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ እጇን ያዘ፤ በዚያ ቀን መኪናው አመለጣት። በሕይወቷ ያልተናደደችበት የመጀመሪያው ያመለጣት መኪና ነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ክንዴን ክረምቱን ሥራ ብለው ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ላኩት፤ ወንዞቹ ሞልተው እስከ መስከረም እናቱ ዘንድ መድረስ አልቻለም። ላቀች ደብረ ታቦር ተቀምጣ አራት ወር ሙሉ ጥፍሯን በላች። የምታስበው ሁለት ነገር ነበር፤ ሃያዎቹ ተክሎችና አንዱ ሰው። ስለሁለቱም ምንም ዜና የለም።

በጥቅምት መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ሄደች።

አርባዎቹም ነበሩ። አንድ አልጎደለም። የገደል ጦስኞቹ ገደል ላይ እንዳየቻቸው ናቸው፤ ነጭ ጠጉራቸው፣ ወፍራም ቅጠላቸው፣ የሎሚ ሽታቸው። ተንበርክካ አንዱን ስታሸት እንባ ዓይኗን ሞላው፤ ከሽታው ነው አለች።

«እንደተውሻቸው ናቸው?» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ ከበሩ ሆነው።

«እንደተውኳቸው ናቸው!» ብላ ተነስታ አቀፈቻቸው።

እትዬ ደጊቱ ደስ አላቸው። ግራ እግራቸውን እያነከሱ ወደ ቤት ገቡ። «ምን ሆኑ?» ብትል፣ «ወለም ብሎኝ ነው፣ ክረምቱ አዳልጦኝ» አሉ። ሌላም ነገር ዓይኗ አይቶ ነበር። ከቆርቆሮዎቹ ግማሽ ያህሉ በሽቦ መታሰራቸው ቀርቶ በስንደዶ ታስረዋል። ሽቦው ዝጎ ይሆናል አለች። ከግንዶቹ ሥር አፈሩ ለስላሳ ነበር። ኮትኩተውታል አለች። መለኪያዋን አወጣች።

በሦስት ሳምንት ጽፋ ጨረሰች። ዶክተር ፀጋዬ ሠንጠረዦቹን አይተው መነጽራቸውን አልጠረጉም። የዶክትሬቱ ቦታ፣ አዲስ አበባ፣ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ከምትከላከልበት ቀን በኋላ ወዲያው እንደሚሰጣት ተነገራት። ንፋስ መውጫ ላይ አቶ ረታ ለደንበኛው ሁሉ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣውም፣ «ስሜ ሊጻፍ ነው፤ በላቲን» ማለት ጀመሩ። ከመከላከያው ማግስት የክንዴ ሽማግሌዎች ወደ እሳቸው ይሄዳሉ። ሁሉም ቀን ተቆርጦለታል። ላቀች የቀራት አምስት ቀን ብቻ ነበር።

በዚያን ቀን ክንዴ ሳይነግራት መጣ።

የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል፣ ጋዜጣና ካርቶን መሐል ቁጭ ብላ ነበር። በሩን ከፍቶ ቆመ። አቧራ ለብሷል። በአንድ እጁ የወተት ጣሳ ይዟል፤ ጣሳው ውስጥ ጦስኝ ተተክሏል።

«ስጦታ ነው?» አለች እየሳቀች። «ለእኔ ጦስኝ? ለንብ አርቢ ማር እንደመስጠት ነው።»

አልሳቀም። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ምን ተክል ነው? ንገሪኝ።»

«ተራ የሜዳ ጦስኝ ነዋ። ምን ሆነሃል?»

«ታቹን እዪው።»

አጉሊ መነጽሩን ከአንገቷ አውጥታ ጎንበስ አለች። የላይኛው ቅርንጫፍ ለስላሳ ነው፤ ቅጠሉ ስስ ነው፤ ሽታውም የሜዳ ጦስኝ ሽታ ነው። ወደ ታች፣ ወደ አሮጌው ግንድ ወረደች። እዚያ ነጭ ጠጉር ነበር። ከጠጉሩ መሐል አንድ የደረቀ ወፍራም ቅጠል ተንጠልጥሏል። በአንድ ግንድ ላይ ከታች የገደሉ፣ ከላይ የሜዳው።

ቀና አላለችም። «ከየት አመጣኸው?»

«ከቀፎዎቹ ሥር። ማር ስቆርጥ አየሁት፤ ዘጠኝ ናቸው። እኔ አልተከልኋቸውም። እናቴን ጠየቅኋት።»

ቀስ ብሎ ነገራት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በረዶ ወርዶ፣ ውኃም ተኝቶባቸው፣ ከገደል ጦስኞቹ አሥራ አንዱ ሞቱ። የተረፉት ዘጠኙ ደግሞ አዲስ ቅጠል ሲያወጡ መልካቸው ጠፋ። እትዬ ደጊቱ አደራ ተበላሸብኝ ብለው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን በጭጋግ ገደሉን ወጡ። ሃያ አዲስ ችግኝ አወረዱ፤ ቆርቆሮውን በየቁጥሩ መልሰው፣ ሽቦውን ማጠፍ ስላልቻሉ፣ ስፌት በሚሰፉበት ስንደዶ አሰሩት። «የተበላሹትን» ግን ሕይወት ስላላቸው መጣል አሳዘናቸው። ቀፎ ሥር ተከሏቸው።

«እግራቸው» አለች ላቀች።

«ሲወርዱ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረች። መስኮቱ ጋ ትደርሳለች፤ ትመለሳለች።

«ማን ያውቃል?»

«እናቴ፤ ግን ምን እንዳደረገች አታውቅም። እኔ። አሁን አንቺ።»

«አምስት ቀን ቀረኝ፣ ክንዴ! አምስት! ሳምንት ቆይተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ሳምንት ብቆይ በስምሽ ይታተም ነበር።»

«በአባቴ ስም ነው የሚታተመው! አባቴን ታውቀዋለህ? ሰፈሩን ሁሉ ሰብስቦ ነው የሚጠብቀኝ!»

ክንዴ ከጣሳው ጠርዝ ላይ አፈር በጣቱ ጠረገ።

«ዝም አትበለኝ! ልትነግረኝ እየመጣህ መንገድ ላይ ምን ስታስብ ነበር? ደስ ይላታል ብለህ ነው?»

«እንደምትጠዪኝ ነው ሳስብ የመጣሁት» አለ። «ስማዳ በር ስንደርስ ከመኪናው ወርጄ ልመለስ ብዬ ነበር። ከዚያ ዕድሜ ልኬን ማር በቆረጥሁ ቁጥር እነዚያን ዘጠኝ ላያቸው ነው አልሁ። አንቺ ደግሞ ከጎኔ ሆነሽ ምን ታያለህ ትዪኛለሽ።»

«ውጣልኝ።»

ወጣ። ጣሳውን ትቶት ወጣ።

ያን ቀን ላቀች አልተቀመጠችም። ከጊቢው ወጥታ ወደ ገበያው ሄደች፤ የማትፈልገውን ሽንኩርት ገዛች፤ ተመለሰች። ጣሳው አለ። ሰው አያየኝም ብላ መስኮቱን ከፈተች። ከመስኮቱ በታች የቆሻሻ ጉድጓድ ነበር። ጣሳውን አነሳችው። ማንም አያውቅም። ንቦቹም አይናገሩም። ዘጠኝ ተክል ነው፤ አንድ ጠዋት ሄዳ ብትነቅላቸው ሦስተኛው ዝርያ ዝርያ ሆኖ ይኖራል።

ግንዱን እንደገና አየችው። ያናደዳት ነገር ማማሩ ነበር። እንዲህ ያለ ማስረጃ በሕይወቷ ይዛ አታውቅም። ሁለት ዓመት ስትጠይቅ የነበረውን ጥያቄ አንዲት የጣት ርዝመት ያላት እንጨት መልሳዋለች። ይህን ከመስኮት የሚጥል ሰው ተክል ማጥናቱን ትቶ ሽንኩርት ቢሸጥ ይሻለዋል።

ጠዋት በሁለት ሰዓት ዶክተር ፀጋዬ በር ላይ ነበረች። ስንደዶውንም፣ ለስላሳውን አፈርም፣ የእትዬ ደጊቱን እግርም፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዶክተሩ ቅርንጫፏን ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ከመስኮት ይጥለው ነበር።»

«እኔም ልጥለው ነበር።»

«ምን ከለከለሽ?»

«አመጣጡ» አለች። «ያመጣው ሰው ሊያጣኝ እያወቀ ነው ያመጣው።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አልጠረጉትም፤ ዓይናቸውን አሹ። «ደግመሽ ትተክያለሽ። ሌላ ክረምት። ጽሑፍሽ ግን ከበፊቱ የተሻለ ይሆናል፤ አንድን ነገር ሁለት ነው ከማለት፣ ሁለት የተባለውን አንድ ነው ማለት ይከብዳል።»

የዶክትሬቱ ቦታ ክረምት አይጠብቅም። በሳምንቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቶ ረታ ሲነገራቸው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። «እንግዲህ ስሜ በሱሪ ላይ ይቅር» አሉና መኪናዋን እንደገና ረገጧት። ላቀች ከዚያ ወዲያ አባቷ ፊት ሁለት ቀን መቀመጥ አልቻለችም።

ለክንዴ አልደወለችም። እሱም አልደወለም። አሥራ ሁለት ቀን ቆጠረች፤ መቁጠሯ አናደዳት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን መካነ ኢየሱስ ወርዳ፣ ቢሮውን አልፋ፣ ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳ የምትፈልገው ሰው አልነበረም፤ መንገዱ ግን በዚያ ቀን ረዘመባት።

እትዬ ደጊቱ ጓሮ ገብስ ያሰጣሉ። ላቀች ከሰላምታ በኋላ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ነገሩን እንዳለ ነገረቻቸው። እትዬ ደጊቱ ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«አደራሽን በላሁ በዪኛ።»

«አልበሉም፣ እትዬ። እኔ ነኝ አሳስቼ የሰጠሁዎት። ይለወጡ እንደሆን ማየት ነበር የፈለግሁት።»

ነጠላው ከአፋቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ቆይ። መለወጣቸውን ነበር የምትሺው?»

«መለወጥ አለመለወጣቸውን።»

«ይህን አፍ አውጥተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ እኔ በስልሳ ሦስት ዓመቴ እንደ ጦጣ ገደል ለገደል እንጠላጠል ነበር?»

«አልነገርሁዎትም። መኪናው ሊያመልጠኝ ነበር።»

«መኪናው! እግሬን ለመኪናው ሰበርሁት!» አሉና እጃቸውን አጨበጨቡ። ላቀች የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ ሳቅ ያዛት። እትዬ ደጊቱም እየሳቁ፣ «አትሳቂ አንቺ፤ ካሳ ነው የምትከፍይኝ» አሉ።

ክንዴ ከቀፎዎቹ በኩል ጭስ ጭስ እየሸተተ መጣ። ቆመ። እናቱ ሁለቱንም ተራ በተራ አይተው የገብሱን ሰፌድ ይዘው ገቡ።

«ተቆጥተሽ ቀረሽ ብዬ ነበር» አለ።

«ተቆጥቻለሁ። መቅረት ሌላ ነገር ነው።»

«ቦታው?»

«ሄደ።»

ክንዴ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ላቀችም እንዲናገር አልቸኮለችም። ከቀፎው አንድ ንብ ተነስታ እጅጌው ላይ አረፈች፤ ሄደች። ያን ሁሉ ጊዜ ሁለቱም ቆሙ፤ እግሯንም አላሳከካትም።

«ለምን አልደወልክም?» አለች በመጨረሻ።

«ውጣልኝ ብለሽ ነበር።»

«ከክፍሉ ነው ያልኩህ!»

ክንዴ ሊስቅ ሲል ፊቱ ተበላሸና ዞር አለ። እሷ ሄዳ ከፊቱ ቆመች።

በማግስቱ መደቡን ቆፈሩት። ሃያ ከገደል፣ ሃያ ከሜዳ። ቆርቆሮዎቹን አሰረች። ስትጨርስ ወደ በሩ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ…» ብላ ገና አልጨረሰችም።

«እንዳትዪኝ!» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ሁለተኛ ያንን ቃል ከአፍሽ አልሰማም። ቢሞቱም፣ ቢለወጡም፣ ቀንድ ቢያወጡም የለሁበትም። የምትጠብቂያቸው ከሆነ እዚሁ ሆነሽ ጠብቂ።»

ክንዴ አፈሩን ከአካፋው ማራገፍ ጀመረ። አካፋው ላይ ግን ምንም አፈር አልነበረም።

በየካቲት መካነ ኢየሱስ ላይ የባዮሎጂ መምህርነት አገኘች። ሽማግሌዎቹ ንፋስ መውጫ ሲሄዱ አቶ ረታ ነገሩን ሁሉ ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ያን ተክል የነቀለው ቤት ነው?» «እሱው ነው» አሏቸው። «እንግዲያ ልጄን ሲወስዱ ቁጥሯን እንዳያጠፉት» አሉና እሽ አሉ። በግንቦት ተጋቡ።

አሁን ነሐሴ ነው። መንገዱ እንደገና ተቆርጧል፤ ስልኩም እንደ ዝናቡ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል። ላቀች ግን ዜና የምትጠብቅበት ሌላ ስፍራ የላትም፤ ክረምቱን እዚሁ እትዬ ደጊቱ ቤት ናት። ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ፕላስቲክ ተከናንባ፣ መደቡ ላይ ተንበረከከች። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። ቁጥር አሥራ ሰባት ጋ ስትደርስ አጉሊ መነጽሩን ከአንገቷ አወጣች።

ከጠጉራሙ ግንድ ጫፍ ሁለት አዳዲስ ቅጠሎች ወጥተዋል። ስስ ናቸው፤ ለስላሳ ናቸው፤ እንደ ጎረቤታቸው የሜዳ ጦስኝ ናቸው።

«ምን አየሽ?» አለ ክንዴ ከበስተኋላዋ።

«ና» በሚል ምልክት በእጇ ጠራችው። እሱም ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ራሳቸውን አስጠግተው በአንድ መነጽር አዩ።

ከቤት የእትዬ ደጊቱ ድምፅ መጣ። «አንቺ ላቀች! ሻይሽ እኮ በረዶ ሆነ!»

«መጣሁ» አለች፤ ግን አልተነሳችም።